ሞራል ከዘፈን ነው ወይስ ከሞራ? ስለ ወታደር ደስታ ጠይቄ የመጣብኝ መልስ

«ወታደር ቤት ደስታ ነበር ወይ?» የሚለውን ጥያቄ መወያያ ገጹ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ክርክሩን ከላይ እስከ ታች የማንበብ ዕዳውም የእኔው ሆነ። 24 መልስ ገብቷል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ያጣ ሰው ከዚህ ይጀምር፤ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ እነግራችኋለሁ።

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ ዋርካ ሥር ሻይና ቡና የሚሸጥባት ቦታ አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይሰበሰቡባታል። አባቴም በሕይወት እያለ ከእነሱ አንዱ ነበር። የምድር ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር፤ እስከ 1983 ሰሜን ግንባር ቆይቷል። ልጅ ሆኜ ዳማ ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጭ እል ነበርና የሚገርመኝ ሳቃቸው ነው። የጦርነት ወሬ ስጠብቅ የሚያወሩት ስለ ተሰረቀ ፍየል፣ ስለ ጠፋ ካልሲ፣ ስለ አንድ መቶ አለቃ ኩርፊያ ነው። ያሳለፉትን መከራ በኋላ ከሌላ ሰው ስሰማ ያ ሁሉ ሳቅ ከየት እንደሚመጣ ግራ ገባኝ።

ስለዚህ ጠየቅኩ። ወታደር ቤት ደስታ ነበር ወይ? የሰውን መንፈስ የሚያነሳውና የሚጥለውስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ የራሴን አቋም ጨመርኩበት። ዘፈን ነው አልኩ። ማስረጃዬ አባቴ ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ሌሊት ናት። ኪነት ቡድን መጥቶ ገና ሁለት ዘፈን ሳይዘፈን ጄኔሬተሩ ጠፋ። ዘፋኟ ያለ ማይክ በጨለማው ቀጠለች፤ ወታደሩም ሲጋራና ክብሪት እየለኮሰ አበራላት። አባቴ ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጥ ነበር። ኪነት ካለ ሠራዊት አይወድቅም ብዬ ጽሑፌን ዘጋሁ።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው። አመሰገነኝ፣ ደገፈኝም። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ባይኖር ጥላሁን ገሠሠንም ማሕሙድ አሕመድንም በዚያ መልክ አናውቃቸውም ነበር አለ፤ የፖሊስንና የምድር ጦርን ባንድ ጨመረበት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና መሪያቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን አነሳ። የአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ በወታደር መለዮ ውስጥ ነው ያደገው ብሎ ሲደመድም እኔ ወንበሬ ላይ ተዘረጋሁ።

ብዙ አልቆየሁበትም። መልስ 2 አጭርና ደረቅ ነበር። እነዚያ ባንዶች የሚጫወቱት አዲስ አበባ፣ በቤተ መንግሥትና በቴአትር ቤት እንደነበረ፣ ምሽግ ውስጥ የተኛው ሰው ደግሞ የሚሰማቸው ሬዲዮ ካለውና ባትሪው ካላለቀ ብቻ መሆኑን ጻፈ። የአባቴን ታሪክም አልማረልኝም። ግንባር ላይ በጨለማ ክብሪት የጫረ ሰው ጥይት እንደሚጠራ ማንም ምልምል ያውቃል፤ ስለዚህ ያ ዝግጅት የነበረው ከኋላ፣ ደጀን ላይ ነው፤ ደጀን ላይ ደግሞ ዘፈን ባይኖርም ሰው ይስቃል። ተናደድኩ፤ ግን ልክ ነው። አባቴ ያን ጊዜ ቆስሎ ካገገመ በኋላ ወደ ክፍሉ ሳይመለስ የቆየበት ካምፕ እንደነበረ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

መልስ 3 የአንድ አረጋዊ የባሕር ኃይል ሰው ነው። ሌሎቹ ወዲያው ጋሼ መርከቡ ማለት ስለጀመሩ እኔም እንዲያው እላቸዋለሁ። ጋሼ በጃንሆይ ዘመን ምጽዋ ገብተው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ሲያዩ ጣና መስሏቸው ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጥተዋል፤ ጓደኞቻቸው እስከ ጡረታ ድረስ በዚህ ሲስቁባቸው ኖሩ። የምጽዋ ሙቀት ብረቱን እንደ ምጣድ ስለሚያግለው ሌሊት ከውስጥ የሚተኛ አልነበረም፤ ሁሉም ላይ ወጥቶ ሰማይ እያየ ነው የሚያድረው። «ኢትዮጵያ» የምትባለው ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ የመጣች አሮጌ መርከብ ነበረች። ንጉሡ በየዓመቱ ለባሕር ኃይል ቀን ምጽዋ ሲወርዱና የውጭ አገር የጦር መርከቦች በእንግድነት ሲመጡ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ዝገት የቀረበት ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ይፋቅና ይቀባ ነበር። እጃቸው በቀለም ተልጦ እያለ፣ ነጭ ልብሳቸውን ተኩሰው ሲሰለፉ ግን ማንም አያህለኝም ይሉ እንደነበረ ጻፉ። የእሳቸው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ሰው ንጹሕ ልብስና የሚኮራበት ሥራ ካለው ሌላው ይቻላል። 1983 ላይ መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ፣ በኋላም ጅቡቲ ላይ ለጨረታ ቀረቡ። ይህን በአንድ መስመር ጨርሰው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። አሁን ጠዋት ጠዋት ጣና ላይ መረብ ይጥላሉ።

መልስ 4 ቀልደኛ ነው። ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል መልሶ ሲቋቋም ዋና መምሪያው ባሕር ዳር ይሆናል የተባለውን የ2012 ዜና አንስቶ ጉማሬዎቹን አድሚራል፣ እምቦጩን የባሕር ፈንጂ አደረጋቸው። ስቄያለሁ፤ ጋሼ መርከቡ እንዳልሳቁ ግን በኋላ ታየ።

ክርክሩ መስመሩን የያዘው በመልስ 5 ነው። ጸሐፊው የነገሌ ቦረናን ነገር አነሳ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሩ ከዚያ ልቅዳ ቢል ከለከሉት። ምግቡ ቀድሞውንም የሚበላ አልነበረም። ወታደሩ መኮንኖቹን አሰረ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዞ ከራሱ ምግብና ከራሱ ውሃ አቀመሳቸው። አመፁ ከዚያ ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ ወደ አሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተዛመተ፤ በሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ። ጸሐፊው ወደ እኔ ዞሮ የጠየቀኝ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ በዚያ ሰሞን ነገሌ ላይ ኪነት ቡድን ቢላክ ኖሮ ምን ይዘፍንላቸው ነበር?

መልስ 6 የመጣው ለእርማት ብቻ ነው። መልስ 5 አመፁ በየካቲት 1966 ተጀመረ ብሎ ነበርና፣ የነገሌው ጥር 4 መሆኑን፣ የካቲት ላይ የሆነው የሌሎቹ መሆኑን፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቀን መቁጠሪያ ቢገዛ ደግ እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። ቀኑ ልክ ነው፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው አንድም ቃል አልጻፈም።

መልስ 7 የአንዲት እህት ነው። አባቷ ወታደር ነበር፤ እናቷ እዚሁ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሁላችንም የምናወራው እዚያ ስላለው ሰው ብቻ መሆኑን ታዝባ፣ የወታደር ሞራል ግማሹ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው አለች። ከአባቷ ደሞዝ ለቤተሰብ የሚቆረጠው ተቆራጭ ሲዘገይ እናቷ ሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ልጅ አዝላ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዛ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ትመላለስ ነበር። ለአባቷ ስትጽፍ ግን ገንዘቡ በጊዜው እንደደረሰ፣ ጣሪያው እንደተጠገነ፣ ልጆቹም እንደወፈሩ ታደርገዋለች። ጣሪያው እያፈሰሰ ደብዳቤው ላይ ጠብ እንዳይል ባልዲ አጠገብ ቁጭ ብላ ነው የምትጽፈው። አባቷም በበኩሉ ብርዱ እንደማይከፋ፣ ምግቡ እንደተስማማው ይጽፋል። ሁለት ሰዎች በደብዳቤ እየተዋሹ ስድስት ዓመት ተሳሰቡ። መጨረሻ ላይ አባቷ ድምፁን ቀድቶ የላከው አንድ ካሴት እስካሁን ቤቷ እንዳለ፣ የሚያጫውት ቴፕ ግን ከጠፋ ብዙ ዘመን መሆኑን ጨመረች።

እንዲህ ካለ ጽሑፍ በኋላ ሰው ዝም ይላል ብዬ ነበር። መልስ 8 ግን ስለ ቃል መጣ። ሞራል የሚለው የፈረንጅ ቃል ባልገባም ነበር፣ እኛ ወኔ አለን፣ ሐሞት አለን፤ የፈራ ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ የምንለው በከንቱ አይደለም አለ። እኔ አልስማማም። ወኔ ጥይት ሲጮኽ ነው። ሞራል ደግሞ ምንም በማይጮኽበት ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ ሦስተኛ ወርህን አንድ ኮረብታ ላይ ስትቀመጥ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ወኔ ያለው ግን ሞራሉ የሞተ ወታደር ስንት አለ። ያም ሆኖ ሰውየው በዚያው ሞራ ገላጮችን አነሳ፤ በድሮ ጊዜ ከዘመቻ በፊት የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግተው ድልና ሽንፈትን ያነቡ የነበሩትን። ይህ ቃል በኋላ ሌላ ቦታ እንደሚያገለግለን አላወቅንም።

መልስ 9 አያቱ ኮሪያ የዘመተ ልጅ ነው። ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 እንደተነሳ፣ ከመቶ በላይ ሰው እንደሞተና ከ500 በላይ እንደቆሰለ፣ አንድም ሰው ግን እንዳልተማረከ ጻፈ። ይህን ሁላችንም ሰምተነዋል። ያልሰማነው አያቱ ስለ ምግቡ የሚሉት ነበር። የአሜሪካ ራሽን በቆርቆሮ ይመጣል፣ ሥጋ አለ፣ ቸኮሌት አለ፣ ሲጋራ አለ፤ ሰው ግን በርበሬ ናፍቆት ሊታመም ደረሰ። ከአገር በደብዳቤ ውስጥ ተጠቅልላ የምትመጣ አንድ ቁንጥር በርበሬ ለአንድ ጓድ ትከፋፈል ነበር፤ ሥጋው ላይ ነስንሰው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ይበላሉ። እንባው ከበርበሬው ብቻ ይሁን አይሁን አያቱ አልተናገሩም። ሌላው ነገር ሬሳ ነው። የሞተ ሰው እዚያው እንደማይቀር ያውቁ ነበር፤ አስከሬኑ ወደ አገር ተመልሶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ አርፏል። ብሞት አይጥሉኝም ብሎ የሚያስብ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አያቱ ሞራል የሚሉት ይህን ነበር።

መልስ 10 ስፖርት ይዞ መጣ። አበበ ቢቂላም ማሞ ወልዴም ምሩጽ ይፍጠርም የክብር ዘበኛ ልጆች ናቸው፣ ወታደር ቤት ሰው ያፈራል አለ። መልስ 11 ወዲያው አረመው፤ ምሩጽ የአየር ኃይል ነው። በዚያውም አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባው ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ ልክ በዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑን አስታወሰ። አበባዮሽ ሊባል አንድ ሌሊት ሲቀረው። ያን ዕንቁጣጣሽ የክብር ዘበኛ ሰፈር እንዴት እንደዋለ የሚነግረን ሰው ቢኖር ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም።

ወደ መልስ 12 እንምጣ። ይህ ሰው ተቆጥቶ ነው የጻፈው፤ መብቱ ነው። ደስታ ብላችሁ ስትጠይቁ አታፍሩም ወይ በሚል ጀመረ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ነበር የተባለው። ሁለት ዓመቱ የት ሄደ? ቀበሌው ኮታ አለበት፣ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ይመጣል። ታላቅ ወንድሙ ቅዳሜ ገበያ ጨው ሊገዛ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ በታንኳ ወጥተው ደንገል ውስጥ ተደብቀው ያድሩ ነበር፤ ዘመድ ያለው ዘጌ ቡናው ውስጥ ይገባል። እናታቸው ጨው የያዘበትን ላስቲክ እስክትሞት እንደጠበቀች ጻፈ፤ የተገዛውን ጨው ይዞ የመጣላቸው ጎረቤት ነበር። እኔንም፣ መልስ 1ንም፣ በተለይ መልስ 10ን እየጠራ የሌላ ሰው ልጅ ሲሞት ጭብጨባ የለመዳችሁ አለን።

መልስ 13 የእኔው ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ግን ደካማ ይቅርታ ነበር፤ አሁን ሳነበው ከይቅርታው ማብራሪያው ይበዛል።

የረዳኝ መልስ 14 ነው። ይህ ሰው ራሱ በሁለተኛው ዙር ተወስዶ የዘመተ ነው። ለመልስ 12 በትሕትና፣ ወንድሜ እያለ ጻፈለት። ያፈሱኝን ሰዎች ዛሬም አልማርኩም፤ ግን አብረውኝ የታፈሱት ልጆች ጋ የሳቅኩትን ያህል በዕድሜዬ ስቄ አላውቅም፤ ሁለቱም እውነት ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ከዚያ ዝርዝሩን አፈሰሰው። ኮቾሮ የሚሉት ደረቅ ብስኩት በጥርስ የማይደፈር ስለነበር በሰደፍ ተከስክሶ ሻይ ውስጥ ይነከራል፤ ሻይ ከሌለ ለቤት መሠረት ያገለግላል ይሉት ነበር። ኳስ ከካልሲ ይሠራል፤ ስለዚህ ካልሲ ይሰረቃል (የአባቴ የጠፋ ካልሲ ነገር እዚህ ጋ ተፈታልኝ)። እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ስለነበረ ማንበብ ለማይችሉት ሁሉ ጸሐፊ ሆነ። የሠላሳ ሰው ሚስት ስም፣ የሠላሳ ሰው በሬ ቀለም በቃሉ ያውቅ ነበር። ፖስታ መጥቶ ለአንድ ሰው ብቻ ደብዳቤ የተገኘ ቀን፣ ያች ደብዳቤ ለጓዱ ሁሉ ጮክ ተብላ ትነበባለች፤ የማን ላም እንደወለደች ሰምቶ ላም የሌለው ሁሉ ደስ ይለዋል። ባለቤቱ ብቻ የሚያነባትን መስመር እንዴት እንደሚዘል ግን የተማረው በብዙ ስህተት ነው። ሦስት ወር ደብዳቤ የጠፋ ጊዜ፣ አንድ ልጅ ከእናቱ የመጣች አሮጌ ደብዳቤ አውጥቶ እንደ አዲስ እንዲያነብለት ለመነው። ቀኑን ብቻ ለውጦ አነበበለት።

መልስ 12 ለዚህ መልስ አልሰጠም። መልካሙ ነገር ግን ከክርክሩም አልወጣም።

መልስ 15፣ 16 እና 17 ተሰርዘዋል። ስለ ዛሬው ጊዜ ነበሩ፤ አንዱ አንዱን ሰደበ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። አወያዩ ያጠፋቸው በደቂቃ ውስጥ ነው፤ እኔም አልደግማቸውም።

መልስ 18 ምግብ ቤት የሠሩ አስር አለቃ ናቸው። ከሁሉም የተማርኩት ከእሳቸው ነው ብል ሐሰት አይሆንም። በርሜል ሁለት ቦታ ተቆርጦ ድስት ይሆናል። እንጨት እርጥብ ከሆነ ወጡ ጭስ ጭስ ይላል፤ ጭስ ጭስ ያለ ወጥ ሦስት ቀን ከበላ ሰው መነታረክ ይጀምራል፤ ጠቡን የሚያዩት አዛዦች ምክንያቱን ከፖለቲካ ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱ ግን እንጨቱ ነው። እንጀራ በሦስትና በአራት ቀን ይሻግታል፤ ስለዚህ ሩቅ ላለ ምሽግ ድርቆሽ ነው የሚላከው፤ ድርቆሽ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል፤ የውሃ ቦቴው መንገድ ላይ ከተሰበረ ሰውየው የሚያቃጥል ድርቆሽ ይዞ ይቀመጣል። መልስ 5 የጠቀሰውን የነገሌን ፓምፕ በዚህ አረጋገጡት። በሬ የታረደ ቀን ወታደሩ ሁሉ ስለ ሌላ የሚያወራ መስሎ የሚያየው ሻኛውና ጉበቱ ወዴት እንደሄዱ ነው። ወደ አዛዡ ድንኳን ከሄዱ ያን ሌሊት ዘብ ይተኛል። እሳቸው ዘንድ አንድ ሻምበል ነበር፤ ሰልፍ ይዞ የሚበላው የመጨረሻው ወታደር ካለፈ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም የሚደርሰው መረቅ ብቻ ይሆናል። በኋላ ያ ሻምበል ሲቆስል ከእሳት ውስጥ ያወጡት ወታደሮቹ ራሳቸው ሳይታዘዙ ነው። ወታደሩ ሞራል ከሞራ ነው ይል እንደነበረ የጻፉት እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉ ከፈረንጅ ሳይሆን ከታረደው በሬ ነው የመጣው ማለቱ ነው። መልስ 8 ወዲያው ተመልሶ መጥቶ እጁን ሰጠ፤ ለካ ሞራውን የሚያነበው ተራው ወታደር ራሱ ኖሯል አለ።

እኔም እዚህ ላይ ዘፈኔን ለቀቅኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

መልስ 19 አጭር ናት፣ ግን ወደድኳት። የአባይን ድልድይ የጠበቀ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ድልድዩን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበርና ሥራው ካሜራ የያዘ ሰው መመለስ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ መቆም ነው። ጦርነት ሰውን ይገድላል፣ ዘብ ግን ያሰለቸዋል፤ እሱ ከመሰልቸቱ የተነሳ ጉማሬ መቁጠር ጀመረ። ለተረኛው ጠመንጃውንና የጉማሬውን ቁጥር አብሮ ያስረክባል። አንድ ቀን ተረኛው ቁጥሩ አንድ ጎደለ ብሎ አልረከብም አለ፤ ሁለቱም ጉማሬው ብቅ እስኪል ድረስ ጨለማ ላይ ቆሙ። ዛሬ አዲሱ ድልድይ ላይ፣ 380 ሜትሩን፣ ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ሲያነሳ ሲያይ እጁን ዘርግቶ ሊከለክል ይቃጣዋል።

መልስ 20 ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ሐይቁ ዳር ጥሩ ዓሣ የት እንደሚበላ ጠየቀ። አራት ሰው ርዕሱን ረስቶ ቆረሶ ይሻላል አምባዛ በሚል ተጣላ፤ የጻፉት ሁሉ በመልስ 20 ሥር ስለሆነ ለብቻ አልተቆጠረም። መልስ 21 ጋሼ መርከቡ ናቸው። በዓሣው አልገቡም። መጀመሪያ ለመልስ 4 መለሱለት፤ ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል ቀልድ መሆኑን እሳቸውም እንደሚያውቁ፣ ግን መርከብ ተሽጦበት የሚያውቅ ሰው ቀልዱን ለሌሎች መተው እንደሚመርጥ በእርጋታ ነገሩት። ልጁ ጋሼ ይቅርታ አላቸው። ከዚያ ወደ መልስ 7 ዞሩ። ከምጽዋ ጓዛቸው ሁሉ ቀርቶ የተረፈች አንዲት የቴፕ ማጫወቻ አለቻቸው፤ ትሠራለች። ልጄ ካሴቱን ይዘሽ ቅዳሜ ዋርካው ሥር ነይ ብለው ጠሯት። መልስ 22 እኔ ነኝ፤ ቦታውን ለሚያውቁት ሁሉ እንደምገኝ ጻፍኩ። መልስ 23 ከአስር አለቃው መጣ፤ ዳቦ ቆሎ ይዘው እንደሚመጡ።

መልስ 24 የእሷ ነው፤ ቅዳሜ ማታ የጻፈችው። እኔም እዚያ ስለነበርኩ የጎደለውን እሞላለሁ። ካሴቱ መጀመሪያ ተያዘ። ጋሼ መርከቡ አውጥተው ጠርዝ ባለው እርሳስ ቀስ እያሉ አጠነጠኑት፤ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ሹሹታ፣ ከዚያ የአባቷ ድምፅ። አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ተቆራጩ ነው የሚያወራው፤ ደረሰ ወይ፣ ካልደረሰ ለማን ትናገር፣ የትኛውን ወረቀት ታሳይ። የእናቷ ውሸት እንዳልሠራ፣ ሁሉን ያውቅ እንደነበረ ያኔ ነው የገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ካሴቱ ላይ ሌሎቹ ጓደኞቹ ተሰለፉ። ባሕር ዳር ለሚሰማ ሁሉ ሰላምታ የሚልክ አለ፣ ከጎጃም ነኝ የሚል አለ። አንዱ ተራው ሲደርስ የሚለው ጠፍቶት ሳል ብቻ አሳለ፤ ከኋላው ሳቅ ፈነዳ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ጀሪካን መምታት ጀመረ፤ ሌላው በቀረርቶ ገባበት፣ ዜማው ጥሩ ነበር፣ ግጥሙ ግን ስለ ድርቆሽ ነው።

ካሴቱ መሐል ላይ አለቀ። አስር አለቃው ወዲያኛውን ገጽ እንስማ አሉ።